ፔርሙስ ያሸለመኝ ክርክር

በሕይወቴ ያሸነፍኩት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እሱም ክርክር ነው። ሽልማቱ ባለ አበባ ፔርሙስ ነበር። ዛሬ ክዳኑ ያፈሳል። እናቴ ግን አልጣለችውም። እንግዳ በመጣ ቁጥር ሻይ የምትቀዳው ከእሱ ነው፤ ከሻዩ ጋር የእኔም ታሪክ አብሮ ይቀዳል።

የሚያውቀኝ ሰው ይህን ሲሰማ ይስቃል፤ ምክንያቱም እንተባተባለሁ። መገናኛ፣ አንዲት ጠባብ ሱቅ በር ላይ ተቀምጬ የስልክ መስታወት እለጥፋለሁ። ዋጋ ስጠየቅ መልሱ እስኪወጣልኝ ድረስ ደንበኛው ራሱ ዋጋውን ጠርቶ፣ ራሱ ተከራክሮ፣ ራሱ አስቀንሶ ከፍሎኝ የሚሄድበት ቀን አለ። እንዲህ ያለ ሰው ክርክር አሸነፈ ቢባል ማን ያምናል? እኔም አላምንም ነበር። ፔርሙሱ ግን አለ።

ነገሩ የሆነው አሥራ አንደኛ ክፍል ሳለሁ ነው። የወላጆች በዓል ሲቃረብ የሥነ ዜጋ መምህራችን፣ "ከብዕርና ከጎራዴ የቱ ይበልጣል የሚለው ክርክር ሰልችቶኛል" አሉና አዲስ ርዕስ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ጻፉ፦ "ሀገር ለጦር ሠራዊቷ የምታወጣውን ወጪ መቀነስ አለባት ወይስ የለባትም?" ተከራካሪ ሲጠይቁ የክፍላችን አንደኛ የሆነችው ልጅ እጇን አወጣች። የእኔን እጅ ያወጡት ግን ከኋላ የተቀመጡት ልጆች ናቸው። ለቀልድ ነበር። መምህሩ ቀልዱን አላዩም፤ ወይም አይተው ወደዱት። ሁለት ወረቀት ጠቅልለው ኮፍያቸው ውስጥ ጣሉ። ለእሷ "መቀነስ አለባት" የሚለው ደረሳት። ለእኔ "የለባትም"።

ቤት ስገባ ለወንድሜ ነገርኩት። በሰባት ዓመት ይበልጠኝ ነበር፤ አባታችን ከሞተ ጀምሮ ቤቱን የያዘው እሱ ነው። ከመገናኛ ቦሌ ሚኒባስ ይነዳ ነበር። ሲሰማ አልሳቀም፤ ለዚህ እስከ ዛሬ አመሰግነዋለሁ። የሳቀው ቆይቶ ነው።

"ረዳት ሲንተባተብ አይተህ ታውቃለህ?" አለኝ።

አላየሁም።

በማግስቱ ከትምህርት ቤት ስወጣ በሚኒባሱ መጥቶ ወሰደኝና በሩ ላይ አቆመኝ። "ጥራ" አለ። "ቦ" ስል የሚይዘኝ ሰው፣ በእግሬ ወለሉን እየመታሁ "ቦሌ ቦሌ ቦሌ ቦሌ!" አልኩ። ቀጥ ብሎ ወጣ! ሰው ሁሉ ወደ እኔ መጣ። አንዲት ሴትዮ "ምነው እንዲህ ያስጮህሃል፣ ደንቆሮ መሰልንህ?" ብለው ገቡ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ንግግሬን በሙሉ በእግሬ ምት ተለማመድኩት። ሀገር፣ ዳር ድንበር፣ ሠራዊት፤ ሁሉም በታክሲ ጥሪ ዜማ።

ማታ ማታ ወንድሜ አልጋው ላይ ጋደም ብሎ ባላጋራዬ ይሆናል። እኔ "ይከፈል" ስል እሱ "ይቀነስ" ይላል። ደካማ ነገር የተናገርኩ እንደሆነ፣ "ወራጅ አለ!" ብሎ ይጮሃል። እናቴ ወጥ ቤት ሆና ትስቃለች። አልደብቅም፤ የእሱ ወገን ይበልጥ ነበር። "ጥሩ ጎረቤት ያለው ሰው ስንት ዘበኛ ይቀጥራል?" ይለኛል። "ለወታደሩ ጠመንጃ ስትገዛለት፣ ወደ ቤቱ የሚመለስበትን መንገድም አብረህ ሥራለት" ይለኛል። በመጨረሻ አዘነልኝና የእኔንም መልስ ራሱ ሰጠኝ፦

"አጥር የሌለው ግቢ የመንገደኛ ማቋረጫ ነው፤ በል እንዲህ። ከዚያ ትንሽ ዝም በል። ያጨበጭባሉ።"

"አንተ ግን በየትኛው ታምናለህ?" አልኩት።

"እኔ በፍሬን ነው የማምነው" አለና ወደ ግድግዳው ዞሮ ተኛ።

በበዓሉ ቀን እንዳለው ሆነ። አጥሩን ተናገርኩ፣ ዝም አልኩ፣ አጨበጨቡ። ልጅቷ ከእኔ በጣም የተሻለ ተናግራ ነበር። ዳኞቹ ግን ይንተባተባል ተብሎ የተጠበቀው ልጅ ሳይንተባተብ በመጨረሱ የተደነቁ ይመስለኛል። ሕፃን ቆሞ ሲሄድ የሚጨበጨብለት ሩጫ ስላሸነፈ አይደለም። ያኔ ግን ይህ አልገባኝም። ፔርሙሱን አቅፌ ስወጣ ሀገሪቱን ከወረራ ያዳንኩ መስሎኝ ነበር።

ከዚያ በኋላ እናቴ እንግዳ ሁሉ ፊት ታቆመኝ ጀመር። "እስቲ ያቺን ስለ ወታደር የምትለዋን በልላቸው" ትላለች። በክርስትና ቤት ተናግሬያለሁ። ለልደት ተናግሬያለሁ። ቆጣሪ ሊያነብ ለመጣ ሰውዬ ሳይቀር ተናግሬያለሁ፤ እሱ ግን የራሱን ሥራ ሲጨርስ ሄደ እንጂ እኔ እስክጨርስ አልጠበቀኝም። የአሥራ ሁለተኛ ክፍልን ፈተና ሳላልፍ ስቀር እንኳ እናቴ "ቢሆንም ተናጋሪ ነው" ብላ ለሰው አስረዳችልኝ።

ሁለት ዓመት እንዳለፈ የሚኒባሱ ባለቤት መኪናውን ሸጠ። ወንድሜ ወራት ቤት ዋለ። ሌላ መኪና ፈለገ፣ አላገኘም። ያን ጊዜ ሠራዊቱ የከባድ መኪና ሾፌር ይቀበል ነበር። አንድ ምሳ ላይ መመዝገቡን ነገረን። እናቴ እንጀራውን እንደያዘች ቀረች።

"ምን ታደርጊዋለሽ" አላት እየሳቀ፣ "የዚህን ልጅ አጥር ላጥርለት ነው የምሄደው።"

እናቴ ያየችው እሱን አልነበረም። እኔን ነው። "አየህ አፍህን?" አለችኝ። ቀልድ ነበር፤ ግን ሙሉ በሙሉ ቀልድ አልነበረም። ሥራ ስላጣ መሄዱን አውቃለሁ። እንደዚያም ሆኖ ያቺ ቃል አልወጣልኝ አለች። በእኔ አጥር የሄደ መሰለኝ። ታዲያ እንግዳ ሲመጣ ንግግሬን ተውኩ? አልተውኩም። ድምፄን ዝቅ አድርጌ ቀጠልኩ። ጭብጨባ የለመደ ሰው ይሉኝታ የለውም።

ወንድሜ ከሄደ ከዓመታት በኋላ፣ አንድ ቅዳሜ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ፣ የአንዲት ልጅ ስልክ ላይ መስታወት እያስቀመጥኩ ሳለ የእኔ ስልክ ጮኸ። የማላውቀው ቁጥር ነበር። የወንድሜ ጓድ ነው። ቁጥሬን ያገኘው ከወንድሜ ስልክ ላይ ነው፤ "ታናሼ" ብሎ መዝግቦት ነበር። ልጁ ቀስ ብሎ፣ እንደ እኔ ቃል እየያዘው ነገረኝ። ዝናብ የሸረሸረው መንገድ ከነመኪናው ተደርምሶ ወንድሜና የጫናቸው ወታደሮች ገደል ገብተዋል። ጥይት አይደለም። "ፍሬኑም አይደለም" አለኝ፣ ሳልጠይቀው። ቀብሩ እዚያው ተፈጽሟል።

መስታወቱን ለጠፍኩት። ከሥሩ አውራ ጣት የሚያህል አየር ገባበት።

"ይሄ ምንድን ነው?" አለች ልጅቷ።

"ወ... ወ... ወንድሜ" አልኳት።

ምን እንዳየች አላውቅም፤ ስልኳን እንደዚያው ተቀብላ፣ ከፍላ፣ ሁለት ጊዜ ዞር ብላ እያየችኝ ሄደች።

እንዲህ ያለ ነገር የሚወሰደው ወደ እድሩ ዳኛ ነው። ከእኛ ፊት ለፊት ያለው የኮንዶሚኒየም ሕንፃ ላይ የሚኖሩ፣ ከመንግሥት ሥራ ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ስነግራቸው ቁጭ አሉ። ሸሚዛቸውን እስከ አንገታቸው ቆለፉ። ከዚያ የእድር ዳኛ ሆኑ።

"መርዶ በስልክ አይነገርም" አሉኝ። "በልጅ አፍም አይነገርም። ነገ በማለዳ ሽማግሌ ይዤ እመጣለሁ። እስከዚያ አፍህን ያዝ።"

"አፌ እንኳ ያ... ያው የተያዘ ነው፣ ጋሼ።"

"ፊትህን ነው የምፈራው። ወደ ቤት አትሂድ።"

"የት ልሂድ?"

አሰቡ። "ኳስ እይ" አሉኝ።

ወሎ ሰፈር ድረስ በእግሬ ሄድኩ፤ ተመልሼ በእግሬ መጣሁ። ኳስ የሚያሳይ ቤት ገባሁ፤ ማን ከማን ጋር እንደሚጫወት እንኳ አላየሁም። ሰዎቹ ሲጮኹ እጮሃለሁ። አንድ ጊዜ ብቻዬን ጮህኩ። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን እናቴ ደወለች።

"የት ነህ? አንድ ኪሎ ሽንኩርት ይዘህ ና።"

እናትን "ኳስ እይ ተብያለሁ" አይሏትም። ሽንኩርት ሻጩ "ስንት ኪሎ?" ሲለኝ ራሴን ነቀነቅኩ። "ሁለት?" ነቀነቅኩ። "አምስት ላድርገው?" ነቀነቅኩ። ፌስታሉን ተሸክሜ ደረጃው ሥር ቆምኩና መብራቱ በጠፋው የስልኬ መስታወት ላይ ፈገግታ ተለማመድኩ። ጥርስ የታመመ ሰው መሰልኩ። ጥርሴን ገጥሜ ሞከርኩት፤ የባሰ ሆነ።

ስገባ ጎረቤታችን እትዬ ሳሎን ተቀምጠዋል። ከወሎ የመጡ፣ ከእናቴ ጋር ግድግዳ የሚጋሩ ሴት ናቸው። ዓይናቸውን ሳይ የእድሩ ዳኛ እንደነገሯቸው ገባኝ፤ እናቴ ብቻዋን እንዳትውል ተልከው ነው። እሳቸው ሲያስመስሉ ጎበዝ ነበሩ። ስለ ውኃ መጥፋት እያማረሩ ነበር።

እናቴ ፌስታሉን አየች። "አንድ ኪሎ ነው ያልኩህ። ድግስ አለብን?"

እትዬ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

እኔም ቁጭ ልል ስል፣ ያ ቴሌቪዥን ጉድ አደረገኝ። ሦስት ክራቫት ያሰሩ ሰዎች ጠረጴዛ ከበው ስለ በጀት ይነጋገራሉ። አንዱ ለመከላከያ የሚወጣው ይቀነስ ይላል፤ አንዱ ጎረቤቶቻችንን እያየህ ነው ወይ ይለዋል።

"ስማ! ስማ!" አለች እናቴ። "ያንተ ክርክር ነው! እነዚህ ካንተ ነው የሰረቁት። እስቲ ተነስና ለእትዬ በልላቸው።"

"ተይው ልጁን፣ ደክሞታል" አሉ እትዬ። "ሌላ ቀን እሰማዋለሁ፣ ወላሂ።"

"ምን ሠርቶ? መስታወት ሲለጥፍ ውሎ? ተነስ!"

እምቢ ብል ትጠረጥራለች ብዬ ተነሳሁ። እግሬን ምንጣፉ ላይ መታሁ። "የተከበራችሁ ዳኞች፣ የተከበራችሁ ወላጆች" አልኩ። ወጣልኝ። "ሀገር ማለት ቤት ማለት ናት።" ይኸውም ወጣ። ቀጥሎ አጥሩ ነው። እግሬን መታሁ። "አ" አልኩ። መታሁ። "አ" አልኩ። እናቴ በእጇ "አይዞህ፣ ቀጥል" ትለኛለች፤ ልክ እንደ ዱሮው። አጥሩ አልወጣም። የማን አጥር? ማን ያጠረው? እትዬ ከንፈራቸውን ብቻ አንቀሳቅሰው "አብሽር" አሉኝ።

ያኔ እግሬ ቆመ፤ አፌም ራሱ ሄደ። "ጥሩ ጎረቤት ያለው ሰው ስንት ዘበኛ ይቀጥራል?" አልኩ። ሳልንተባተብ። ያለ ምት። በሕይወቴ እንደዚያ ተናግሬ አላውቅም። "ለወታደሩ ጠመንጃ ስትገዛለት፣ ወደ ቤቱ የ... የሚ..." እዚያ ላይ ቀረሁ።

እናቴ ሻይ ልትቀዳ ፔርሙሱን ይዛ ነበር። ክዳኑን መልሳ ዘጋችው። የማይዘጋውን ክዳን ጠብቆ እስኪይዝ አጠበቀችው።

"ይሄ ያንተ አይደለም" አለች። "ይሄ የሱ ወገን ነው።"

"ወይ ልጅ፣ ተምታታበት!" አሉ እትዬ፣ ድምፃቸው ግን እንደ ቅድሙ አልነበረም።

እናቴ ሁለታችንንም አየችን። ቴሌቪዥኑን አጠፋች፣ ትልቁን ሳህን አወጣች፣ መሬት ላይ ቁጭ ብላ ሽንኩርት መላጥ ጀመረች። አንድ ኪሎ አለፈ። ሁለት ኪሎ አለፈ። እትዬ ቢላ አንስተው አጠገቧ ተቀመጡ። እኔም ተቀመጥኩ። አምስቱንም ኪሎ ከተፍነው። ሦስታችንም አለቀስን። "ምን ዓይነት ሽንኩርት ነው ያመጣኸው" አለች እናቴ፤ "ኃይለኛ ነው" አልኳት።

በማግስቱ የእሑድ ተረኞችን የሚያመላልሱት የቦሌ ለሚ ፋብሪካ አውቶቡሶች ገና በታች ማለፍ ሲጀምሩ በራችን ተንኳኳ። እናቴ ለብሳ ነበር። የእድሩ ዳኛ ከሦስት ሽማግሌዎች ጋር ገቡ። "በሰላም ነው እንዲህ በማለዳ?" አለቻቸው፤ ምንም እንደማያውቅ ሰው። እስኪነግሯት ጠበቀቻቸው። ሲነግሯት ያወጣችው ድምፅ ግን ማስመሰል አልነበረበትም። ሌሊቱን ሙሉ ይዛው ያደረችው ድምፅ ነው።

በኋላ የእድሩ ዳኛ ትከሻዬን ጨበጡ። "ጎበዝ" አሉኝ። "እንደ ትልቅ ሰው ያዝከው።" ምን ልበላቸው? ለሁለተኛ ጊዜ ባላሸነፍኩት ነገር ተመሰገንኩ። ከወጥ ቤት አንዷ ሴት፣ "ሽንኩርቱን ማን ሲከትፍ አደረ?" ስትል ሰማሁ።

ድንኳኑ ሦስት ቀን ቆየ። ወንዶቹ ካርታ ሲጫወቱ ዋሉ፤ ካርታ ካለ ደግሞ ክርክር አለ። አንዱ "ይሄ ሁሉ ገንዘብ ለጦር ባይወጣ ልጆቻችን አያልቁም ነበር" አለ። ሌላው "ባይወጣ ኖሮ እዚህ ተቀምጠህ ካርታ አትጫወትም" አለው። ጥግ ላይ የነበሩ የቀድሞ ሠራዊት አሥር አለቃ ካርታቸውን ሳያስቀምጡ ተናገሩ።

"ቀንሱ፣ ቀንሱ ትላላችሁ። ሲቀነስ ከየት እንደሚቀነስ ታውቃላችሁ? ከወታደሩ ጫማ ነው። እኔ ሁለት ክረምት በቀዳዳ ጫማ አሳልፌያለሁ። ጠመንጃው ግን አዲስ ነበር።"

አንዱ እኔን አየኝ። "ሻምፒዮኑ አለ አይደል! እናቱ ስትነግረን የኖረችው። በል ፍረድ፣ ይቀነስ አይቀነስ?"

ድንኳን ሙሉ ሰው ዞረ። ሀገሪቱ የእኔን ፍርድ የምትጠብቅ ይመስል ነበር። እግሬን ለመምታት አነሳሁት። ያለኝ ግን አንድ ቃል ብቻ ሆነ።

"ወራጅ አለ" ብዬ ወጣሁ።

ከኋላዬ ሳቁ፤ ከዚያ አፈሩ። እኔ ግን ወንድሜ ሰምቶኝ ቢሆን ደስ ይለኝ ነበር።

አርባው ካለፈ በኋላ አንድ ከሰዓት እናቴ፣ "ያቺን የጀመርካትን ጨርስልኝ" አለችኝ። ሌላ ሰው አልነበረም። ቆሜ ጀመርኩ፤ አልሆነም፤ ተቀምጬ ቀጠልኩ። እየተያዝኩ፣ እየቆምኩ ነው የነገርኳት። ይቀነስ አልኳት። ከጫማው ግን አይደለም፤ አሥር አለቃው ልክ ናቸው። ከጫማው ከሆነስ ባይቀነስ ይሻላል። ከጠመንጃው ይቀነስና መንገዱ ይሠራ። የተደረመሰው መንገድ ሾፌር ከወታደር አልለየም። አጥር አያስፈልግም አላልኩም፤ እኔም ማታ በሬን ቆልፌ ነው የምተኛው። አጥሩን አጥብቀው ሠርተው ወደ ቤት የሚወስደውን መንገድ የሚረሱ ሰዎች ግን ቤታቸውን ለማን ነው የሚጠብቁት? ስንት ይቀነስ ብትለኝ አላውቅም። ቁጥሩን የሚያውቁት ክራቫት ያሰሩት ናቸው። እኔ አሥራ ሁለተኛን እንኳ አላለፍኩም።

ነገሬ ሲያምርልኝ ደግሞ ራሴን ጠረጠርኩ። ወንድሜን ለክርክር ማሳመሪያ ያደረግሁት መሰለኝ። "ወራጅ አለ" የሚል ድምፅ ጠበቅሁ።

እናቴ፣ "ያ አጥርም የሱ ነበር አይደል?" አለች።

"አዎ።"

"እንግዲያ ፔርሙሱም የሱ ነው።"

"አዎ፣ እማዬ።"

ከዚያ ያቺን ለዓመታት የያዝኳትን ጠየቅኳት። እስኪወጣልኝ ብዙ ቆየች፤ እሷም አላቋረጠችኝም።

"በ... በእኔ አጥር ነው የሄደው?"

ቀና ብላ አየችኝ። ከአርባ ቀን በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ አፏ ዳር ላይ የሳቅ ነገር አየሁ።

"ባንተ?" አለች። "አንድ ኪሎ ሽንኩርት ገዝቶ መግባት ያልቻለ ልጅ፣ ሰው አሳምኖ ጦር ሠራዊት ያስገባል?"

ከዚያ ፔርሙሱን አነሳችና ሻይ ቀዳችልኝ። እንደ ልማዱ ግማሹ ጠረጴዛው ላይ ፈሰሰ።